ከመረቡ በፊት ያለው ማጣሪያ፦ ለአህጉራዊ የሴቶች መረብ ኳስ ሻምፒዮና ማን ያልፋል፣ እንዴትስ ያልፋል?

በሴፕቴምበር 2021 ኪጋሊ ላይ ይካሄድ የነበረው የአፍሪካ ሴቶች መረብ ኳስ ሻምፒዮና መሃል ላይ ቀጥ አለ። አዳራሹ ዝግጁ ነው፣ መረቡ ተወጥሯል፣ ቡድኖቹም ከተማው ውስጥ ናቸው። ውድድሩን ያስቆመው ወረቀት ነበር። ናይጄሪያ በአዘጋጇ ሩዋንዳ ላይ የተጫዋች ተገቢነት ክስ አስገባች፤ ክሱ ከብራዚል መጥተው የሩዋንዳን ማሊያ የለበሱ 4 ተጫዋቾችን የሚመለከት ነበር። ጨዋታዎች ተቋረጡ፣ ነገሩም ከሜዳ ወጥቶ ወደ ስብሰባ አዳራሽ ገባ። በመጨረሻ ሩዋንዳ በገዛ ቤቷ ከውድድሩ ተሰረዘች። የቀሩት ቡድኖች ያለ ባለቤቷ ሀገር ጨዋታቸውን ጨረሱ፤ ካሜሩንም ኬንያን አሸንፋ ዋንጫውን ለ3ኛ ተከታታይ ጊዜ ወሰደች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ያነሳሁት ሩዋንዳን ለመውቀስ አይደለም። አንድ ቡድን ለአህጉር ሻምፒዮና «አለፈ» ሲባል ብዙዎቻችን ሜዳውን ብቻ ነው የምናስበው፤ ሰርቩን (ኳስ ማስጀመሪያ ምቱን)፣ ብሎኩን (መረቡ ላይ በእጅ የሚደረገውን መከላከል)፣ አንገት ለአንገት የተያያዘውን 5ኛ ዙር። ከሜዳው በፊት ግን ሌላ ማጣሪያ አለ። የተጫዋቾች ፋይል፣ በጊዜው የተላከ የምዝገባ ደብዳቤ፣ ለ20 ሰው የሚቆረጥ የአውሮፕላን ትኬት፣ ውድድሩን ማን ያዘጋጃል የሚለው ውሳኔ፣ እነዚህ ሁሉ ቡድን ያሳልፋሉ፣ ቡድንም ይጥላሉ። በአውሮፓ የሜዳው ማጣሪያ ያመዝናል። በአፍሪካ የወረቀቱና የገንዘቡ ማጣሪያ ያመዝናል። ከ2025 ወዲህ ደግሞ የአህጉር ሻምፒዮና ከበፊቱ በጣም የከበደ ነገር ሆኗል፤ ውጭ መቅረትም በዚያው ልክ ያስከፍላል።

የአውሮፓ 24 ቦታ እንዴት ይሞላል?

የማለፊያ ሕጉ በደንብ ተሰፍሮ የተቀመጠው በአውሮፓ ስለሆነ አሠራሩን ለመረዳት ከዚያ መጀመር ይቀላል። የአውሮፓ ሴቶች ሻምፒዮና በ1949 ፕራግ ላይ ተጀመረ፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሶቪየት ኅብረት ወሰደች። የተሳታፊው ቁጥር በየጊዜው እያደገ መጥቶ በ2019 24 ደረሰ፣ አዘጋጅነቱም በአንድ ጊዜ ለ4 ሀገሮች ተከፋፈለ። የ2026ቱ አዘጋጆች ቱርክ፣ አዘርባጃን፣ ቼክ ሪፐብሊክና ስዊድን ናቸው።

ከ24ቱ ቦታ ግማሹ ያለ ማጣሪያ ይሰጣል። 4ቱ የአዘጋጆቹ ነው፤ 8ቱ ደግሞ ባለፈው ሻምፒዮና ጥሩ ደረጃ ይዘው የጨረሱ ቡድኖች ድርሻ ነው። የቀሩትን 12 ቦታዎች የሚሞላው ማጣሪያ ነው። ለ2026ቱ ውድድር ቡድኖቹ በ7 ምድብ ተደልድለው በሜዳቸውና ከሜዳቸው ውጭ ተጫወቱ። የምድባቸው አንደኛ የሆኑት 7ቱ ያልፋሉ፤ ከ7ቱ ሁለተኞች ደግሞ የተሻሉት 5ቱ ይከተሏቸዋል።

7 ሁለተኞች አሉ፣ 5 ቦታ አለ፤ ስለዚህ 2 ቡድን ደጅ ይቀራል። የማጣሪያው ጭንቀት ያለው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ 7 ቡድኖች በማጣሪያው በአንድ ሜዳ አልተገናኙም፤ አንዱ ከአንዱ የሚለየው በቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

በመረብ ኳስ 3 ዙር ቀድሞ የወሰደ ጨዋታውን ያሸንፋል። 3 ለ 0 ወይም 3 ለ 1 ያሸነፈ ቡድን 3 ነጥብ ይዞ ይወጣል፣ ተሸናፊው ባዶ እጁን ይሄዳል። ጨዋታው 5ኛ ዙር ደርሶ 3 ለ 2 ካለቀ ግን ለአሸናፊው 2፣ ለተሸናፊው 1 ነጥብ ይደርሳል። ደረጃ ሲወጣ መጀመሪያ የሚቆጠረው ያሸነፉት ጨዋታ ብዛት ነው። በዚያ ከተካከሉ ነጥብ ይታያል። በነጥብም ከተካከሉ ያሸነፉት ዙር ለተሸነፉት ዙር ይካፈላል፤ አሁንም ካልተለያዩ በየዙሩ ያስቆጠሩት ለተቆጠረባቸው ይካፈላል።

አሁን 4 ቡድን ያለበትን ምድብ እናስብ፤ እያንዳንዱ 6 ጨዋታ አለው። ከአንዱ ምድብ ሁለተኛ የወጣው ቡድን 4 ጨዋታ አሸንፏል፣ ሁሉንም በ3 ለ 0 ወይም በ3 ለ 1፤ የተሸነፈባቸው 2 ጨዋታዎች ሁለቱም 5ኛ ዙር ደርሰዋል። ነጥቡ 14 ነው። ከሌላ ምድብ ሁለተኛ የወጣውም 4 አሸንፏል፤ ነገር ግን ከ4ቱ 2ቱን ያሸነፈው 3 ለ 2 ነው፣ በተሸነፈባቸው 2 ጨዋታዎች ደግሞ አንድ ዙር እንኳ አላገኘም። የእሱ ነጥብ 10 ነው። እኩል አሸንፈው በ4 ነጥብ ተራራቁ። አንዱ ሲያልፍ ሌላው የሚቀረው ምናልባት ከወራት በፊት በተጣለ አንድ ዙር ምክንያት ነው።

ሦስተኛ ቡድን እንጨምር። ይህ 3 ጨዋታ 3 ለ 0 አሸንፎ፣ ቀሪዎቹን 3 ጨዋታዎች 3 ለ 2 ተሸንፏል እንበል። ነጥቡ 12 ነው፤ ከ10 ነጥቡ ቡድን ይበልጣል። ሆኖም ከበታቹ ይቀመጣል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚቆጠረው ድል እንጂ ነጥብ አይደለም። ሰንጠረዡን ከቀኝ ወደ ግራ የሚያነብ ተመልካች እዚህ ላይ ግር ሲለው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሕጉ ግን ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፦ በመረብ ኳስ አቻ የለም፣ የወጣሽበት ሥራ ማሸነፍ ነው።

ለዚህ ነው የማጣሪያ ጨዋታ ውጤቱ የተበላሸ ሲመስል እንኳ የማይላላው። ሁለት ዙር ተመርቶ የነበረ ቡድን 3ኛውን ሲያሸንፍ ተመልካቹ «ለማዕረግ ነው» ሊል ይችላል፤ አሰልጣኟ ግን በልቧ እየደመረች ነው። 4ኛውን ዙር ካገኘች 1 ነጥብ በኪሷ ገባ። 5ኛው ዙር እስከ 15 ብቻ ስለሆነ ደግሞ ማንም ሊወስደው ይችላል። 13 ለ 14 እየተመሩ ሰርቭ የምትመታው ልጅ ኳሱን ሁለት ሦስት ጊዜ መሬት ላይ አንጥራ፣ ትንፋሽ ስባ ስትነሳ፣ እጇ ላይ ያለው የዚያ ጨዋታ ውጤት ብቻ አይደለም፤ ስሟን ሰምቶ በማያውቅ በሌላ ምድብ ያለ ቡድን ዕጣ ፈንታም አብሮ አለ። ኳሱ የመረቡን ጫፍ ነክቶ ወዲያ ማዶ ቢወድቅ አንድ ሀገር ያልፋል፣ ወዲህ ቢወድቅ ሌላ ሀገር።

ቦታው ወደ 24 ማደጉን «ጥራት ይቀንሳል» ብለው የተቃወሙ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ማስረጃዬም ስዊድን ናት። ስዊድን ከ1983 በኋላ የአውሮፓ ሻምፒዮናን በር ሳትረግጥ 38 ዓመት ኖረች። በ2021 ማጣሪያውን አለፈች። እንደገባችም አስተናጋጇን ቡልጋሪያን በገዛ ሜዳዋ ጥላ ከምርጥ 8ቱ አንዷ ሆነች፤ የቆመችው በሩብ ፍጻሜ በኔዘርላንድስ ተሸንፋ ነው። ከዚያ ቡድን ውስጥ ኢዛቤል ሃክ የምትባለዋ አጥቂ በዓለም ላይ ከሚፈሩት መካከል ናት። ሩብ ፍጻሜ መድረሷ ለ2023ቱ ያለ ማጣሪያ አሳለፋት፤ በ2026 ደግሞ ራሷ አዘጋጅ ሆነች፣ ጨዋታዎቹም ወደ ጎተንበርግ መጡ። በሩ ጠባብ እንደሆነ ቢቀር ኖሮ ሃክን የመሰለች ተጫዋች በሀገሯ ማሊያ ትልቅ ውድድር ሳትጫወት ጫማ ልትሰቅል ትችል ነበር። እዚያው ስዊድን የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱበት የዓለም ደረጃ የሴቶች መረብ ኳስ በቤታቸው አጠገብ ማግኘታቸው የዚያ አንድ ማጣሪያ ፍሬ ነው።

በአውሮፓም ቢሆን ሁሉ ነገር ሜዳ ላይ አይወሰንም። ሩሲያ በ2021 ከምርጥ 8ቱ መካከል ስለነበረች የ2023ቱ ቦታዋ በእጇ ነበር። በ2022 ዩክሬን ላይ በተከፈተው ጦርነት ምክንያት ከቤላሩስ ጋር ከዓለም አቀፍ ውድድር ታገደች፤ ሜዳ ላይ ያገኘችውን ቦታ ከሜዳ ውጭ አጣች። እስራኤል ደግሞ በካርታ እስያ ውስጥ ብትሆንም የምትጣራው በአውሮፓ በኩል ነው፤ እዚያ የሚኖሩ አማርኛ አንባቢዎች ብሔራዊ ቡድኑን የሚከታተሉት ከጎረቤት ሀገሮች ጋር ሳይሆን ከአውሮፓ ቡድኖች ጋር ሲጋጠም ነው። የአዘጋጅነቱም ነገር እንዲሁ ነው። ውድድሩን ለማስተናገድ የሚጠየቀውን ማቅረብ የቻለ ሀገር አንድም ሰርቭ ሳይመታ ይገባል። ይህ በሁሉም አህጉር ያለ አሠራር ነው፤ ከ24 ቦታ 4 ሲሆን ብዙም አይጎረብጥም፣ ቦታው ሲያንስ ግን ይጎረብጣል።

ደቡብ አሜሪካ ከዚህ ሁሉ ነፃ ናት ማለት ይቻላል። የሚመጡት ጥቂት ቡድኖች ናቸው፣ እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ፣ ዋንጫውን አብዛኛውን ጊዜ ብራዚል ትወስዳለች።

አፍሪካ፦ ከሰርቩ በፊት ትኬቱ

የአፍሪካ መረብ ኳስ ኮንፌዴሬሽን ዋና ጽሕፈት ቤቱ ካይሮ ነው። ከ2020 ጀምሮ የሚመራው በሞሮኳዊቷ ቡሽራ ሐጂጅ ነው፤ በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። አህጉሩን በ7 ዞን ከፍሎታል። ሰሜን አፍሪካ ዞን 1 ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ከኬንያ፣ ከሩዋንዳ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያ፣ ከቡሩንዲ፣ ከሁለቱ ሱዳኖችና ከኤርትራ ጋር ዞን 5 ውስጥ ናት። ግብፅም ያለችው እዚሁ ዞን ነው። ሀሳቡ ግልጽ ነው፦ ዞኖቹ በየራሳቸው ይጣራሉ፣ አሸናፊዎቹ ሻምፒዮናው ላይ ይገናኛሉ።

በተግባር ግን የዞኑ ማጣሪያ አንዳንድ ጊዜ ይኖራል፣ አንዳንድ ጊዜ አይኖርም። ከ50 በላይ ሀገሮች አባል በሆኑበት አህጉር ለሴቶች ሻምፒዮና የሚሰበሰቡት 10 ገደማ ናቸው። የሚመዘገበው ቡድን ቁጥር ለውድድሩ ከተያዘው ቦታ ካልበለጠ ማጣራት አያስፈልግም፤ ደብዳቤ የላከና ወጪውን የሸፈነ ይመጣል። እንዲህ ሲሆን «ማጣሪያውን ማለፍ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ይለወጣል። ያልመጡት ሀገሮች የተሸነፉ አይደሉም፤ አልተሳፈሩም።

ወጪው ከየት እንደሚመጣ ለመገመት የሂሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አንድ ቡድን ሲጓዝ ተጫዋቾቹ፣ አሰልጣኞቹ፣ ሐኪሙ፣ የቡድን መሪው ተደምረው ወደ 20 ሰው ይሆናሉ። ለአውሮፓ ማጣሪያ ከስሎቬኒያ ወደ ክሮኤሺያ የሚሄድ ቡድን ጠዋት አውቶቡስ ይሳፈርና ምሳውን እዚያ ይበላል። ከሌሶቶ ወደ ያውንዴ ወይም ከቡሩንዲ ወደ ካይሮ የሚሄድ ቡድን ግን አውሮፕላን ይቀያይራል፣ ቪዛ ይጠብቃል፣ የቢጫ ወባ ካርድ ይዞ ይሰለፋል። በሜዳና ከሜዳ ውጭ የሚደረግ ማጣሪያ በአፍሪካ ይጀመር ቢባል እያንዳንዱ ቡድን ይህን ጉዞ 3 ጊዜ ሊያደርገው ነው። ስለዚህ የአውሮፓን ሕግ እንዳለ ገልብጦ ማምጣት መፍትሔ አይሆንም፤ የዞን ማጣሪያ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሳምንት መደረጉ ለአህጉራችን የሚስማማ ነው። ችግሩ ያለው መደረጉና አለመደረጉ አስቀድሞ የሚታወቅ ባለመሆኑ ላይ ነው። አሰልጣኝ ለማያውቀው ቀን ቡድን ሊያዘጋጅ አይችልም።

አዘጋጅነትም በአፍሪካ ይበልጥ ይከብዳል። ኬንያ በ2011፣ በ2013 እና በ2015 ሻምፒዮናውን ናይሮቢ ላይ አዘጋጅታ ሦስቱንም ጊዜ ዋንጫውን እዚያው አስቀረችው። ካሜሩን በ2017 ያውንዴ ላይ እንዲሁ አደረገች። በእርግጥ የገዛ ሜዳ ዋስትና አይደለም፤ ካሜሩን በ2019 ካይሮ ላይ፣ በ2021 ኪጋሊ ላይ ከሜዳዋ ውጭ አሸንፋለች፣ ኬንያም በ2023 ወደ ያውንዴ ሄዳ በፍጻሜው ግብፅን 3 ለ 0 ረትታ ለ10ኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሆናለች። ነገር ግን አዘጋጅ ሀገር ትኬት አይቆርጥም፣ ቪዛ አይጠይቅም፣ ምዝገባ አያመልጠውም። የመጀመሪያውን ማጣሪያ ቤቱ ተቀምጦ አልፎታል።

ኬንያ እንዴት ሁልጊዜ እንደምትገኝ ማየት ያስፈልጋል። የኬንያ ሴቶች መረብ ኳስ የቆመው በተቋማት ክለቦች ላይ ነው፦ የነዳጅ ቧንቧ ድርጅቱ ኬንያ ፓይፕላይን፣ የማረሚያ ቤቶቹ ኬንያ ፕሪዝንስ፣ የባንኩ ኬሲቢ። ልጅቷ ተጫዋችም ናት፣ ብዙ ጊዜ ሠራተኛም ናት፤ ደመወዝ አላት፣ ልምምድ አላት፣ በአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና በየዓመቱ ከሰሜን አፍሪካ ቡድኖች ጋር ትጋጠማለች። ብሔራዊ ቡድኑ ሲጠራ የሚሰበሰቡት ለወራት ሳይጫወቱ የከረሙ ልጆች አይደሉም። ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ደግሞ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ድጋፍ ብራዚላዊው ሉይዞማር ዴ ሙራ መጥቶ አሠለጠናቸው። እንዲህ ያለው ድጋፍ የሚደርሰው ውድድር ላይ ለሚገኝ ነው።

ወደ ኪጋሊው ጉዳይ ልመለስ። አንድ ተጫዋች ለብሔራዊ ቡድን የምትሰለፈው ፓስፖርት ስላላት ብቻ አይደለም። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን መዝገብ ላይ እያንዳንዷ ተጫዋች የመነሻ ፌዴሬሽን አላት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛወር ሁለቱ ፌዴሬሽኖችና ዓለም አቀፉ አካል የሚያልፉበት የፈቃድ ሂደት አለ። ይህ ሂደት ጊዜ ይወስዳል። ውድድር ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት የሚጀመር ነገር አይደለም። ኢትዮጵያዊ ደም ያላቸው፣ በአሜሪካ ኮሌጆች ወይም በአውሮፓ ክለቦች የሚጫወቱ ልጆችን አንድ ቀን ለብሔራዊ ቡድን እንጠራለን ብሎ የሚያስብ ሁሉ ከኪጋሊ የሚማረው ይህን ነው፦ ፋይሉ ከልጅቷ በፊት ይምጣ።

በሩ ለምን ከበደ?

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከአህጉር ሻምፒዮና መቅረት የሚያሳጣው ያንኑ ሻምፒዮና ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። አሁን ሰንሰለቱ ረዝሟል። የዓለም ሻምፒዮና ከ2025 ጀምሮ በ2 ዓመት አንዴ የሚካሄድ፣ 32 ቡድኖችን የሚያሳትፍ ሆኗል። ከ5ቱ አህጉራዊ ሻምፒዮናዎች እያንዳንዳቸው 3 ቡድን ይልካሉ፤ የተቀረው ቦታ ከአዘጋጇና ከነባሯ ሻምፒዮን ሌላ በዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ ይሞላል። ታይላንድ ላይ በተደረገው የ2025ቱ ውድድር አፍሪካን የወከሉት ኬንያ፣ ግብፅና ካሜሩን ነበሩ፤ ማለትም በ2023 ያውንዴ ላይ ከ1 እስከ 3 የወጡት፣ አንድም ሳይጨመር ሳይቀነስ። ኬንያ እዚያ ቬትናምን 3 ለ 0 አሸነፈች። ያንን ጨዋታ ያየ ሰው የአፍሪካ ቡድን ዓለም ሻምፒዮና የሚሄደው ለመሸነፍ ብቻ እንዳልሆነ ተረድቷል።

ኦሎምፒኩም እንዲሁ ተለውጧል። ለፓሪስ 2024 ኬንያ ያለፈችው በአህጉር ዋንጫዋ ሳይሆን በዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ ከአፍሪካ ቀዳሚ በመሆኗ ነበር። ለሎስ አንጀለስ 2028 በወጣው አሠራር ግን የ2026 አህጉራዊ ሻምፒዮኖች፣ አምስቱም፣ በቀጥታ ኦሎምፒክ ይገባሉ። አዘጋጇ አሜሪካ ቦታዋ የተጠበቀ ነው፤ የቀሩት ቦታዎች በ2027 የዓለም ሻምፒዮናና በደረጃ ሰንጠረዡ ይከፋፈላሉ። እንግዲህ ለአንድ አፍሪካዊ ቡድን የ2026 ሻምፒዮና በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ነው፦ የአህጉር ዋንጫ፣ የ2027 የዓለም ሻምፒዮና ማጣሪያ፣ የኦሎምፒክ ማጣሪያ። በዚያ ሳምንት አዳራሹ ውስጥ ያልነበረ ቡድን ከሦስቱም ቀርቷል።

የደረጃ ሰንጠረዡ ሌላ መንገድ ይመስላል፣ ላልተጫወተ ግን መንገድ አይደለም። ከ2020 ጀምሮ ነጥቡ የሚሰላው በእያንዳንዱ ጨዋታ ነው፤ ከአንቺ የሚሻል ቡድን ስታሸንፊ ብዙ ትወስጃለሽ፣ በደካማ ስትሸነፊ ብዙ ታጫለሽ፣ የውድድሩ ክብደትም ይገባበታል። ቤቱ የተቀመጠ ቡድን ከማን ይወስዳል? ደረጃው ዝቅ ሲል ደግሞ ዕጣ ሲወጣ ከጠንካሮቹ ጋር ይመደባል፣ ይሸነፋል፣ ፌዴሬሽኑም «ለመሸነፍ ይህን ሁሉ ገንዘብ?» ብሎ በሚቀጥለው ጊዜ ይተወዋል። በሴቶች ቡድን ላይ ይህ ውሳኔ ከወንዶቹ ፈጥኖ ይወሰናል፤ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው የማን ጉዞ እንደሆነ በስፖርቱ አካባቢ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ይህ ነገር ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም።

እኛስ የት ነን?

መረብ ኳስ ለኢትዮጵያ እንግዳ ጨዋታ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ ግቢ ሁለት ቋሚ ተተክሎ፣ መረብ ሲጠፋ ገመድ ታስሮ የሚጫወቱት ነው። አዲስ አበባ ትንሿ ስታዲየም ቅዳሜ ከሰዓት የሴቶች ጨዋታ የተመለከተ ሰው ተጫዋቾቹ በሲሚንቶ ላይ ኳስ ለማዳን ሲወረወሩ፣ ጉልበታቸውን አራግፈው ሲነሱ አይቷል። እንደ ኬንያ ሁሉ የእኛም ክለቦች በተቋማት ላይ የቆሙ ናቸው፤ በሴቶቹ በኩል ናሽናል አልኮል ለብዙ ዓመት የታወቀ ስም ነው። መነሻው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ መድረሻው የተራራቀው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ የሚቆረቁረኝ ለዚህ ነው።

ዞን 5 ከባድ ነው ይባላል፣ እውነትም ከባድ ነው፤ በ2023 የአፍሪካ ፍጻሜ የተገናኙት ኬንያና ግብፅ ሁለቱም የዚህ ዞን ናቸው። ነገር ግን እስቲ በተገላቢጦሽ እንየው። እነዚህ ሁለቱ በቀደመ ደረጃቸው ወይም በአዘጋጅነት በቀጥታ በሚገቡበት ጊዜ የዞኑ ማጣሪያ የሚደረገው በቀሩት መካከል ነው፦ ሩዋንዳ፣ ኡጋንዳ፣ ቡሩንዲ፣ ታንዛኒያ፣ እኛ። እነዚህን መግጠም ህልም አይደለም። ኬንያን ማሸነፍ ሳያስፈልግ ኬንያ ወዳለችበት አዳራሽ መግባት ይቻላል። ከገቡ በኋላ የሚመጣው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስዊድንም ስትገባ ሩብ ፍጻሜ ትደርሳለች ያለ ብዙ ሰው አልነበረም።

ለዚያ የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ጨዋታ ነው። ከአዲስ አበባ በሐዋሳ፣ በዲላ አድርጎ ሞያሌ ድረስ መንገዱ ይታወቃል፤ ከሞያሌ ወዲያ እስከ ናይሮቢ ያለውም አስፋልት ለብሷል። ለ20 ሰው አውሮፕላን ካልተገኘ አንድ አውቶቡስ ይበቃል። የክለቦቻችን ምርጦች በዓመት አንድ ጊዜ ወርደው ከፓይፕላይን፣ ከፕሪዝንስ፣ ከኬሲቢ ጋር አንድ ሳምንት ቢጫወቱ የዓለም ደረጃ ነጥብ አያገኙም፤ አጥቂዎቻችን ግን ከፍ ብሎ የተዘረጋ ብሎክ ምን እንደሚመስል ያያሉ፣ አሰልጣኞቹም የጎደላቸውን ቆጥረው ይመለሳሉ። ሁለተኛው የፋይል ሥራ ነው። የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ፓስፖርትና የልደት ማስረጃ ዛሬ ተሟልቶ በፌዴሬሽኑ መዝገብ ቢገባ፣ የምዝገባ ቀን ሲደርስ የሚያሯሩጥ ነገር አይኖርም።

ወደ አፍሪካ ሻምፒዮና የሚጓዙ ብሔራዊ ቡድኖች ብዙዎቹ አውሮፕላን የሚቀይሩት ቦሌ ላይ ነው። የሀገራቸው ስም ጀርባው ላይ የተጻፈበት ቱታ የለበሱ ረጃጅም ልጆች የትራንዚት አዳራሹ ወንበር ላይ እግራቸውን ዘርግተው፣ የኳስ ከረጢታቸውን ተንተርሰው ተኝተው ይታያሉ። ከዚያ በር ቁጥራቸው ሲጠራ ተነስተው ይሰለፋሉ፤ ወደ ያውንዴ፣ ወደ ካይሮ፣ ወደ ኪጋሊ።